አዲስ ባቡር ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከአዳማ የደረሱን ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ለወራት ያለ ችግር ሲዞር የከረመ የሞዴል ባቡር መስመር ቤት ውስጥ አለ። አንድ አዲስ ሎኮሞቲቭ ወይም ሁለት ፉርጎ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በኋላ መውደቅ፣ መቆምና ኃይል መጥፋት ይጀምራል። ጥፋተኛው አዲሱ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን አዲሱ ባቡር ድሮም የነበረውን የሐዲድ ወይም የሽቦ ጉድለት ነው ያጋለጠው። ስለዚህ ማስመሪያ፣ ሚዛንና ቴስተር ደጋግመን እናነሳለን። ለይተን ካልጠቀስን በቀር የምንናገረው ስለ ኤችኦ ነው፤ ይኸውም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰውና በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄደው መጠን ነው።

ሲቀመጥ ኃይል የሚያጠፋው ፉርጎ

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ከጀርመን ሲመጣ ያገለገለ ሎኮሞቲቭና ሦስት ፉርጎ አመጣልኝ። መጠናቸው ከእኔዎቹ ጋር አንድ ነው፤ ጎማቸውም ሐዲዱ ላይ ልክ ይገባል። ነገር ግን ገና ሳስቀምጣቸው መቆጣጠሪያው ቀይ አብርቶ ይዘጋል። ፉርጎዎቹን ብቻቸውን ባስቀምጥም ያው ነው። ተበላሽተው ይሆን?» ከፍራንኮ፣ አዳማ

አልተበላሹም። ፍንጩን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፦ ሞተር የሌለው ፉርጎ ብቻውን ኃይል የሚያጠፋው ጎማው ግራና ቀኙን ሐዲድ በብረት ሲያገናኝ ነው። የእርስዎ መስመር ባለ ሁለት ሐዲድ ነው፤ አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው። ስለዚህ በአንድ አክሰል ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች መካከላቸው ላይ ፕላስቲክ ሊኖር ግድ ነው። የጀርመኑ ማርክሊን ኩባንያ የኤችኦ ባቡሮች ግን የሚሠሩት በሌላ ዘዴ ነው። ሁለቱም ሐዲዶች አንድ ዋልታ ናቸው፤ ሌላኛው ዋልታ የሚመጣው በመካከል ካሉ ትንንሽ ነጥቦች ነው። ጎማው ባይለይም ጉዳት የለውም። ሎኮሞቲቩን ገልብጠው ሆዱን ይመልከቱ። በርዝመቱ የተዘረጋ እንደ ምላስ ያለ ስስ ብረት ካለው ጉዳዩ ይኸው ነው።

ለማረጋገጥ ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ቦታ ላይ ያድርጉና ሁለቱን ጫፎች በአንድ አክሰል ግራና ቀኝ ጎማ ላይ ያስነኩ። ከጮኸ ያ አክሰል ለእርስዎ መስመር አይሆንም። አራት አክሰል ካለው ፉርጎ ላይ አንዱ ብቻ ቢጮህም መስመሩን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ አንድም ሳይቀር ይፈትሹ።

ፉርጎዎቹን ማዳን ቀላል ነው። አክሰሉን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ያውጡና ከሹል ጫፍ እስከ ሹል ጫፍ በካሊፐር ይለኩ። አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጎማውን ዲያሜትርም (ክቡን በመሃሉ አቋርጦ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ) ይመዝግቡ፤ ብዙዎቹ 11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች፣ ጎማዎቹ በፕላስቲክ የተለዩ አክሰል ማዘዝ ይቻላል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የረዘመ አክሰል ተጨንቆ አይዞርም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያጠረው ደግሞ ይወድቃል። ባለ ሁለት አክሰል ፉርጎ ሁለት፣ ባለ ቦጊ ፉርጎ (ቦጊ ሁለት አክሰል ይዞ ከፉርጎው ሥር ግራና ቀኝ የሚዞረው ክፍል ነው) አራት ይፈልጋል።

ሎኮሞቲቩን ግን አይነካኩት። ጎማውን፣ ኃይል መቀበያውንና አንዳንዴም ሞተሩን መለወጥ ይጠይቃል፤ ወጪው አዲስ ከመግዛት አይሻልም። መስመሩ የማርክሊን ዓይነት ለሆነለት ሰው ለውጠው በምትኩ ባለ ሁለት ሐዲዱን ቢወስዱ ይበጃል።

ረጃጅሞቹ ፉርጎዎች ለምን ይወድቃሉ?

ጥያቄ፦ «አራት የመንገደኛ ፉርጎ ጨመርኩ፤ እያንዳንዳቸው 29 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። ቀጥታው ላይ ደህና ናቸው። ጠመዝማዛው ላይና መገንጠያው ላይ ግን በየዙሩ ይወድቃሉ። ጠመዝማዛው ከመሃሉ እስከ ሐዲዱ 36 ሴንቲ ሜትር ነው። አጫጭሮቹ የጭነት ፉርጎዎች አንድም ቀን ወድቀው አያውቁም።» ከመብራት ኃይል፣ አዳማ

ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱ አንድ ስላልሆነ።

መጀመሪያ መውደቁ የማን እንደሆነ ይለዩ። የተለያዩ ፉርጎዎች አንድ ቦታ ላይ ከወደቁ ችግሩ የሐዲዱ ነው። አንዱ ፉርጎ የተለያዩ ቦታዎች ላይ ከወደቀ ችግሩ የፉርጎው ነው። በወረቀት ላይ የመስመሩን ቅርጽ ሥለው፣ የወደቀበትን ቦታ በነጥብ፣ የወደቀውን ፉርጎ በቁጥር ይመዝግቡ። ከሃያ ዙር በኋላ ወረቀቱ ራሱ ይነግርዎታል። ሳይመዘግቡ የሚጠግኑ ሰዎች ደህናውን ሐዲድ ነቅለው ይጥላሉ።

አሁን ወደ ርዝመቱ እንምጣ። በሞዴል ባቡር ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ልማድ አለ፦ ፉርጎ በአስተማማኝ ሁኔታ እንዲታጠፍ የጠመዝማዛው ራዲየስ ቢያንስ የፉርጎውን ርዝመት ሁለት ተኩል እጥፍ ይሁን። ለ29 ሴንቲ ሜትር ፉርጎ 73 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ የእርስዎ 36 ነው። ሣጥኑ ላይ «በ36 ሴንቲ ሜትር ያልፋል» ተብሎ ቢጻፍ ውሸት አይደለም። የሚናገረው ግን በቀስታና ወደ ፊት ሲጎተት ስለማለፉ ነው። ወደ ኋላ ሲገፋ ወይም ሎኮሞቲቩ ሲያስቆመው ምን እንደሚሆን አይናገርም።

ሌላም አለ። ረጅም ፉርጎ ሲታጠፍ ሆዱ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። 25.5 ሜትር የሚረዝምና የሁለቱ ቦጊዎች መሃል ርቀት 18 ሜትር የሆነ እውነተኛ ፉርጎ በሞዴል 293 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የቦጊዎቹ ርቀት 207 ይሆናል። 207ን በራሱ አባዝተው፣ የራዲየሱን ስምንት እጥፍ ለሆነው 2880 ሲያካፍሉት 15 ሚሊ ሜትር ያገኛሉ። የፉርጎው ሆድ ከሐዲዱ መሃል ያን ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። የፉርጎውን ግማሽ ወርድ 18 ሚሊ ሜትር ይጨምሩበት፤ 33 ይሆናል። ስለዚህ በጠመዝማዛው ውስጠኛ ጎን ከሐዲዱ መሃል 33 ሚሊ ሜትር ውስጥ ያለ የጣቢያ ጠርዝ፣ የምልክት እንጨት ወይም የዋሻ አፍ ፉርጎውን ይገፋዋል። «ከሐዲድ ወጣ» የሚባለው ብዙ ፉርጎ ተገፍቶ ነው የወጣው። ለማየት እርሳስ በናስትሮ ከፉርጎው ሆድ ጋር ያስሩ፤ ጫፉ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት እንዲነካ አድርገው በእጅ ቀስ ብለው ይግፉት። የተሠመረው መስመር ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር የማይቆምበት ድንበር ነው። በጫፉ በኩልም ለውጪው ጎን ይድገሙት። ሁለት መስመር ጎን ለጎን ካለዎት ይህ ሙከራ በጣም ያስፈልጋል፤ በ62 ሚሊ ሜትር ልዩነት የተዘረጉ ጠመዝማዛዎች ላይ ሁለት ረጃጅም ፉርጎዎች ሲተላለፉ ሊነካኩ ይችላሉ።

ጠረጴዛውን ማስፋት ካልተቻለ ሁለት መፍትሔ አለ። ረጃጅሞቹን ውጭኛው መስመር ላይ ብቻ ማስኬድ አንዱ ነው። ሁለተኛው ርዝመታቸው እንዲያጥር ታስበው የተሠሩ ፉርጎዎችን መምረጥ ነው፤ ወርዳቸውና ቁመታቸው ሳይለወጥ ርዝመታቸው ብቻ የተቀነሰ ይሸጣሉ። በ36 ሴንቲ ሜትር ላይ እስከ 14 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ያለ ሥቃይ ይሄዳል። የጭነት ፉርጎዎችዎ የማይወድቁት ለዚህ ነው።

መገንጠያው ላይ የሚወድቁት ግን ከርዝመታቸው ይልቅ በጎማቸው ምክንያት ይመስለናል። የሁለቱ ጎማዎች የውስጥ ርቀት፣ ከጀርባ እስከ ጀርባ፣ 14.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከጠበበ ጎማው መገንጠያው ውስጥ ከዋናው ሐዲድ አጠገብ ባለው አጭር ጠባቂ ሐዲድ ላይ ይወጣል፤ ከሰፋ ደግሞ በተሳሳተው በኩል ይገባል። አዲስ ፉርጎ ላይ 14.0 ማግኘት ብርቅ አይደለም። ማስተካከያው ይኸው፦ ሁለቱን ጎማዎች በሁለት እጅ ጣቶች ይዘው፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየጠመዘዙ በጣም ቀስ ብለው ይሳቡ። በፒንሳ አይሞክሩ፤ ጎማው ይጣመምና አክሰሉ ሲዞር ይወዛወዛል። ሁለቱም ጎማዎች ከአክሰሉ ጫፍ እኩል መራቃቸውንም ይመልከቱ።

ቀጥሎ ክብደት። የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለኤችኦ ያወጣው ምክር መነሻ 28 ግራም፣ በላዩ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት 14 ግራም ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ፉርጎ 112 ግራም ይሆናል። ባዶ የኮንቴይነር ፉርጎ 70 ግራም ከመዘነ 42 ይጎድለዋል። የ17 ቁልፍ የሚይዘው ዳዶ አንዱ ከ11 ግራም ትንሽ ይበልጣል፤ አራቱ ኮንቴይነሩ ውስጥ ከተጣበቁ ጉድለቱ ሞላ። ክብደቱን ሁለቱ ቦጊዎች ላይ እኩል ያድርጉና ከታች፣ ከወለሉ ጋር ያጣብቁ። ጣሪያው ሥር የተጣበቀ ዳዶ ፉርጎውን ያንገዳግደዋል። ማጣበቂያው ሱፐር ግሉ ከሆነ ኮንቴይነሩን ለአንድ ቀን ክፍት ይተዉት፤ ጭሱ መስታወት በሚመስለው ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጉም ይጥላል።

ቀላል ፉርጎ በረጅም ባቡር ፊት ላይ አይሁን። ከኋላው ያለው ክብደት በጠመዝማዛ ሲጎትተው እንደ ተወጠረ ገመድ ወደ ውስጥ ያጋድመዋል። ከባዶቹ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ፣ ቀላሎቹ ከጭራ ይግቡ።

የቦጊዎቹ ቡሎንም አለ። ከሁለቱ ቦጊዎች አንደኛውን ቡሎን እስኪይዝ አጥብቀው ሩብ ዙር ብቻ ያላሉት፤ ይህ ቦጊ ግራና ቀኝ ይዞራል እንጂ አይወዛወዝም። ሌላኛውን ግማሽ ዙር ያላሉት፤ ይህኛው ወደ ጎንም ትንሽ ይወዛወዝ። ሁለቱም ከጠበቁ ሐዲዱ ትንሽ ሲጣመም አንድ ጎማ አየር ላይ ይቀራል፤ ሁለቱም ከላሉ ፉርጎው ይንገዳገዳል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ስንት ፉርጎ ከመጣል እንደሚያድን ያየው ሰው ካቻቢቴውን ከእጁ አይለይም።

በመጨረሻ ጋንቾው። የአዲሱና የአሮጌው ጋንቾ ቁመት ካልገጠመ አንዱ ሌላውን ያነሣዋል። ሁለቱን ፉርጎዎች ቀጥታ ሐዲድ ላይ አቀራርበው በዓይን ትክክል ይመልከቱ። ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ዝቅ ባለው ፉርጎ ቦጊ ላይ ስስ የፕላስቲክ ሮንዴላ ይጨምሩ። ጠመዝማዛዎ ወደ ግራ ታጥፎ ወዲያው ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ በመካከሉ ቢያንስ የአንድ ረጅም ፉርጎ ያህል ቀጥታ ሐዲድ ይግባ። አለዚያ ጋንቾዎቹ እርስ በርስ ተቃራኒ ይሳሳባሉ።

ይህን ሁሉ ሲጨርሱ የመጨረሻው ፈተና ባቡሩን ወደ ኋላ፣ በቀስታ፣ በመገንጠያው በኩል መግፋት ነው። አራቱም ሳይወድቁ አምስት ጊዜ ካለፉ ደህና ናቸው።

ከአሜሪካ የመጣው ሣጥን

ጥያቄ፦ «አክስቴ ከአሜሪካ ለልጆቼ ባቡር ከነ ሐዲዱ ላከችልን። ሶኬት ላይ ልሰካው? መሰኪያው ጠፍጣፋ እግር ነው።» የሁለት ልጆች እናት፣ አዳማ

መጀመሪያ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ የእግር መለወጫ ብቻ ይበቃል። «120 ቮልት» ብቻ ከሆነ በምንም መንገድ አይሰኩት። የእኛ 220 ቮልት በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥለዋል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ባቡሩ ራሱ የሚፈልገው 12 ቮልት ገደማ ዝቅተኛ ኃይል ስለሆነ ለውጡ አዳፕተሩ ላይ ብቻ ነው። አዳፕተሩ ላይ «OUTPUT» (ውጤት) በሚለው በኩል ያለውን ቮልትና አምፔር፣ ቀጥተኛ ይሁን ተለዋዋጭ፣ የጫፉንም የፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቀማመጥ ጽፈው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይውሰዱ። ቮልቱ ያው ይሁን፤ አምፔሩ ያው ወይም ትንሽ የሚበልጥ ይሁን። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመርም ይሠራል።

መብራት ሲጠፋ መሰኪያውን መንቀል ልማድ ይሁንላችሁ። ኃይል ተመልሶ ሲመጣ ያለው መዋዠቅ መቆጣጠሪያ ያበላሻል።

ሁለቱም አብረው የሚነሡት ሎኮሞቲቮች

ጥያቄ፦ «ዲጂታል መስመር አለኝ። ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ስጨምር በአንድ ትእዛዝ ሁለቱም ይነሣሉ። ዲኮደር የሌለው አንድ አሮጌ ሎኮሞቲቭም አለኝ፤ እሱስ በዚሁ መስመር ላይ ይሄዳል?» የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አዳማ

ዲኮደር ማለት ሎኮሞቲቩ ውስጥ ሆኖ የመቆጣጠሪያውን ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ክፍል ነው። አዲስ ዲኮደር ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 3 ነው። የመጀመሪያውም 3 ስለነበረ ሁለቱም «ሦስት» ሲባል አቤት ይላሉ። የመጀመሪያውን ከሐዲድ አንሣ። አዲሱን መቆጣጠሪያው ላይ ለማስተካከያ ተብሎ ከተለየው መውጫ ጋር በተገናኘ አጭር ሐዲድ ላይ ብቻውን አስቀምጥ። ሲቪ የሚባሉት ዲኮደሩ ውስጥ ቁጥር የሚጻፍባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ሲቪ 1 ላይ አዲስ ቁጥር ጻፍ። አጭር አድራሻ ከ1 እስከ 127 ነው፤ አንዳንድ መቆጣጠሪያ ግን እስከ 99 ብቻ ይቀበላል። የሎኮሞቲቩን ጎን ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ብታደርገው አትረሳውም። 3ን ለማንም አትስጥ፤ ገና ለሚመጣው አዲስ መፈተሻ ይሁን።

ሁለቱ አብረው እንዲጎትቱ ከፈለግህ የፍጥነታቸው ልዩነት ያስቸግራል። ሲቪ 2 የመነሻውን ኃይል፣ ሲቪ 3 የመፍጠኛውን ዝግመት፣ ሲቪ 4 የማቆሚያውን ዝግመት ይወስናሉ። ሁለቱን ሳታያይዝ በአንድ ሜትር ርቀት አስከትላቸውና ኋለኛው ሲደርስ ወይም ሲቀር እያየህ አስተካክል። ፈጣኑን ወደ ዝግተኛው አውርድ እንጂ ዝግተኛውን አታስጨንቅ። ቁጥሮቹ ከተምታቱብህ ብዙ ዲኮደሮች ሲቪ 8 ላይ 8 ሲጻፍ ወደ ፋብሪካው ይመለሳሉ።

ዲኮደር የሌለውን እዚያ መስመር ላይ አታስቀምጠው። ዲጂታል መስመር ላይ ኃይሉ ያለማቋረጥ አቅጣጫ ይለዋውጣል። ሞተሩ ቆሞ እንኳ ሲጮህና ሲሞቅ ይቆያል፤ እምብርቱ ብረት የሌለው ዓይነት ሞተር ከሆነ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል።

ባለ ስምንት ቀዳዳ ሶኬት ካለው ዲኮደር መጨመር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ የዲኮደሩ ብርቱካንማ ሽቦ ሶኬቱ ላይ «1» ወይም ኮከብ ወዳለበት ይዙር። ሶኬት ከሌለው ቀይና ጥቁሩ ከሐዲድ ኃይል ከሚቀበሉት፣ ብርቱካንማና ግራጫው ከሞተሩ ሁለት እግሮች ጋር ይበየዳሉ። እዚህ ላይ ብዙ ዲኮደር የሚሞትበት ስሕተት አለ። በአሮጌ ሎኮሞቲቮች አንዱ የሞተር እግር ከሻንሲው ጋር ይነካል፤ ሻንሲው ደግሞ ከአንድ ሐዲድ ጋር ይገናኛል። ዲኮደሩን ከማገናኘትህ በፊት ቴስተሩን በሞተሩ እግርና በሻንሲው መካከል አስነካ። ከጮኸ መጀመሪያ ሞተሩን በናስትሮ ወይም በፕላስቲክ ቁራጭ ለይ።

የድሮው መስመርና የአሁኑ በአንድ ጠረጴዛ

ጥያቄ፦ «የአዳማን ጣቢያ መሥራት እፈልጋለሁ። የድሮውን የጅቡቲ ባቡርና የአሁኑን ኤሌክትሪክ ባቡር ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል?»

ይቻላል፤ ግን በአንድ ዓይነት ሐዲድ አይደለም። የድሮው መስመር፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአሁኑ 1435 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ25 ሺህ ቮልት ይሠራል። ሁለቱን ለ87 ስታካፍሉ የአሁኑ 16.5፣ የድሮው 11.5 ይሆናል። ለድሮው የሚያገለግለው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። በዚህ ስፋት ተዘጋጅቶ የሚገኘው በአብዛኛው የስዊዘርላንድ የሜትር ሐዲድ ባቡሮች ሞዴል ነው። ቲቲ የሚባለው 1፡120 መጠንም 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ስለሚጠቀም የእሱን ሻንሲ ከታች አድርጎ አካሉን በካርቶን ወይም በፕላስቲክ መሥራት ሁነኛ መንገድ ነው። የቲቲ ሐዲድ ግን እንጨቶቹ ስለሚቀራረቡ፣ ከፊት ለፊት ለሚታየው ክፍል የሜትር ሐዲድ ተብሎ የተሠራውን ይጠቀሙ።

ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው የአሁኑ መስመር ድርብ ሐዲድ ነው። የጠረጴዛው አንዱ ጫፍ ድርብ፣ ሌላው ነጠላ ሆኖ ቢሠራ አዳማ መሆኑ ያለ ጽሑፍ ይታወቃል። ቀጥታው ላይ ሁለቱን ሐዲዶች ከመሃል እስከ መሃል 50 ሚሊ ሜትር ያራርቋቸው።

ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሲጨምሩ ጣሪያው ላይ ያለውን ኃይል መቀበያ ክንድ አይርሱ። ሽቦ ከሌለ ክንዱን በስስ ክር ከግማሽ በታች ያስሩት። ሙሉ ተነሥቶ ዋሻ አፍ ከደረሰ ይሰበራል።

ሦስተኛው ሲጨመር ሁሉም የሚዘገየው

ጥያቄ፦ «ሁለት ሎኮሞቲቭ እያለ ደህና ነበር። ሦስተኛው ሲገባ ከመቆጣጠሪያው ሩቅ ባለው ጎን ሁሉም ይዘገያሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐዲዱ ይነሣል።»

ሁለት ጥያቄ ነው። መዘግየቱ የሽቦ ነው። አንድ የኤችኦ ሎኮሞቲቭ ሲሄድ ከሩብ እስከ ግማሽ አምፔር ይወስዳል፤ አሮጌው እስከ አንድ ሊደርስ ይችላል። ያ ሁሉ በአንድ ጥንድ ሽቦና በደርዘን የሐዲድ መጋጠሚያ ውስጥ ሲያልፍ ይደክማል። ከጠረጴዛው ሥር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ሽቦዎች፣ አንድ ቀይ አንድ ጥቁር፣ ዙሪያውን ይዘርጉ። ከእነሱ በየአንድ ሜትሩ በስስ ሽቦ ወደ ሐዲዱ ጎን ያውጡና ይበይዱ። የሐዲዱን ጎን በብርጭቆ ወረቀት ጠርገው፣ መበየጃው በደንብ ከጋለ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከቆየ የፕላስቲኩ እንጨት ይቀልጣል።

ፈተናው የአንድ ብር ሳንቲም ነው። መቆጣጠሪያው እየሠራ ሳንቲሙን በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ያጋድሙት። ወዲያው መዝጋት አለበት። ሩቅ ቦታ ላይ ካልዘጋ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም ብየዳው ላልቷል። ያ ቦታ ላይ ባቡር ወድቆ ኮንታክት ቢፈጥር መቆጣጠሪያው ሳያውቀው ጎማው ይግላል። በየሜትሩ ይሞክሩ፤ ሳንቲሙን በየቦታው ከአንድ ሰከንድ በላይ አይተዉት።

ሐዲዱ የሚነሣው ደግሞ በአዳማ ሙቀት ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከጠዋት እስከ ከሰዓት በቀላሉ 20 ዲግሪ ይለወጣል፤ አምስት ሜትር ሐዲድ በዚያ ጊዜ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ይረዝማል። የሚሄድበት ክፍተት ካጣ ይነሣል። በየአንድ ሜትሩ መጋጠሚያ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ የቪዚቲንግ ካርድ ውፍረት ለመለኪያ ይረዳል። ሐዲዱን በቀትር ሳይሆን በጠዋት ከዘረጉት ክፍተቱን ሰፋ ያድርጉት። ጠረጴዛውም ከቺፑድ ይልቅ ኮምፔንሳቶ ይሁን፤ ቺፑድ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፤ አይመለስምም።

የአዳማ አቧራ ሌላው ጉዳይ ነው። ሐዲዱን በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ብርጭቆ ወረቀት የሐዲዱን አናት አይንካ፤ የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ይይዛል።

ባጃጅ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?

ጥያቄ፦ «ከሱቅ የገዛሁት መኪና ከባቡሩ ጋር አይመጣጠንም። ባጃጅም ፈልጌ አጣሁ።» የ13 ዓመት አንባቢ፣ አዳማ

ሱቅ ውስጥ ያሉት ሰባት ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ የብረት መኪኖች አብዛኞቹ ወደ 1፡64 ይጠጋሉ። ለማወቅ የእውነተኛውን መኪና ርዝመት በመጫወቻው ርዝመት አካፍል። 450 ሴንቲ ሜትር ለ7 ሲካፈል 64 ይሆናል። የአንተ ባቡር ግን 87 ነው። ያሉህን አትጣል፤ ወደ አንተ በቀረበው የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አቁማቸው፣ ከባቡሩ አጠገብ ግን አታድርጋቸው። ትልቁ ፊት፣ ትንሹ ኋላ ሲሆን ዓይን ርቀት ነው ብሎ ይቀበለዋል።

ባጃጁን ሥራው። እውነተኛው 2.6 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 1.3 ይሰፋል፣ 1.7 ከፍ ይላል። በአንተ መጠን 30 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 15 ወርድ፣ 20 ከፍታ ማለት ነው። ሚኒባስ ደግሞ 54 በ20 በ23 አድርገው። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር 140 በ28 በ30 ነው፤ ባለ 20 ጫማው ርዝመቱ 70 ይሆናል።

ካርቶኑ የመድኃኒት ማሸጊያ ይሁን፤ ስስና ጠንካራ ነው። የባጃጁን ሁለት ጎኖች አንድ ላይ ደርበህ ቁረጥ፤ እንዲህ ከሆነ እኩል ይሆናሉ። ወለሉ ከፊት እየጠበበ ይሂድ። የሚታጠፍበትን መስመር ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫፍ ተጫነው፤ ያለዚያ ካርቶኑ ይሰነጠቃል። ለማጣበቅ ነጭ ኮላ በክብሪት እንጨት ጫፍ ንካ፤ ጠብታ ከሆነ ካርቶኑ ይረጥብና ይቆለመማል። ለጎማ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር የኤሌክትሪክ ኬብል ልባስ ፈልግ። ሽቦውን ሳታወጣ አንድ ሚሊ ሜትር ስስ አድርገህ ታላቅ ሰው በምላጭ ይቁረጥልህ፤ በመሃል የሚታየው መዳብ የጎማው ቸርኬ ይመስላል። ሰማያዊ የጥፍር ቀለም ካርቶኑ ላይ በደንብ ይይዛል፤ ፕላስቲክ ላይ ግን አትቀባው፣ ያቀልጠዋል። ጣሪያውን በመጨረሻ ለብቻው ቀብተህ ክደነው፤ ሾፌር ማስቀመጥ ከፈለግህ ከዚያ በፊት ይግባ።

ጠረጴዛው ላይ ስታቆመው በአንድ ነጥብ ኮላ ብቻ ያዘው። ነገ ቦታ መለወጥ ስትፈልግ በጥፍርህ ይነሣል። ከሐዲዱ መሃል ደግሞ ቢያንስ 36 ሚሊ ሜትር አርቀው፤ ረጅሙ ፉርጎ ሲታጠፍ ሆዱ እስከ 33 ድረስ ይመጣል።